በሁለት ጎባጣ ብረት መካከል

ጥቅምት 3 ቀን

ለልጄ አባት፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። «ጤናሽ እንዴት ነው?» ላሉት፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይይዘኛል እንጂ ደህና ነኝ። «ይህን ያህል ዓመት ምነው ዝም አልሽ?» ላሉት፣ የሚነገር ነገር ስላልነበረ ነው። አሁንም የለም። የምመልስልዎ፣ ለጻፈ ሰው መልስ መንፈግ ብልግና ነው ተብዬ ስላደግሁ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄዎ ግን የጻፉበት እውነተኛው ምክንያት ስለሆነ በደንብ ልመልሰው። አዎ፣ አጣሪ ኮሚቴው ጽፎልኛል። ሳተላይቷ በወጣች በወሩ ማሰራጫዋ ለምን እንደተዘጋ አስተያየቴን እንድሰጥ ጠይቆኛል። የተቃጠለው የሞገድ ማጣሪያው እንደሆነ ራሳቸው ደርሰውበታል። ማጣሪያውን የነደፉት እርስዎ ነዎት። ከመላኩ በፊት በሙከራ አዳራሹ ፈትሻ «አልፏል» ያለችው የአዳራሹ ኃላፊ፣ ልጃችን ናት። ስለዚህ ጥፋቱ ከሁለት አንዱ ዘንድ ነው፤ ወይ ከንድፉ፣ ወይ ከፍተሻው።

እናቷ መሆኔን ለሰብሳቢው አስታውሼው ነበር። «እርስዎን የሚያውቅ ሁሉ ለገዛ እናትዎም እንደማያደሉ ነግሮናል» ብሎ መለሰልኝ። ሊያመሰግነኝ ፈልጎ ይሁን ሊሰድበኝ አልለየሁትም። ሥራውን ተቀብያለሁ።

በዚህ ጉዳይ ሁለተኛ እንዳይጽፉልኝ። ሌላ ጉዳይ ደግሞ የለንም።

ከአክብሮት ጋር።


ጥቅምት 11 ቀን

ለማይክሮሜትር፣

በዚህ ስም መጥራቴ አይክፋሽ፤ ወርክሾፑ የፀጉር ውፍረት በሚለካው መሣሪያ ያወጣልሽ ነው፤ እኔ ከነሱ ተዋስኩት እንጂ። አሁንም ድረስ አንድ ሠራተኛ ብረት ሲያበላሽ «ማይክሮሜትር ብትኖር ኖሮ» ይሉታል። ያንቺ ስም ልጅ ማስፈራሪያ ሆኖ ቀርቷል።

«እርስዎ» ማለትሽን አየሁት። አንሶላ ተጋፍፈን፣ ልጅ ወልደን፣ በአንድ እርሳስ ሁለታችን ስናሰላ ኖረን፣ ዛሬ «እርስዎ» ሆንኩልሽ? እሺ ይሁን፤ በሽምግልናዬ መከበሬ አይከፋም። እኔ ግን አንቺ እልሻለሁ፤ ምላሴ ሌላ አልለመደም።

አትጻፍልኝ ብለሻል፤ ይኸው ጻፍኩ። ለራሴ አይደለም። የምኖረው አዳራሹ ካለበት ፋብሪካ በር ፊት ለፊት ስለሆነ ነገሩን ከዘበኛው ቀድሜ ነው የምሰማው። ፍተሻው ጥፋተኛ ነው ከተባለ ልጅቷ ከኃላፊነት ትነሣለች፤ ያ ብቻ ቢሆን ችዬው ነበር፤ የፈታሽነት ፈቃዷንም ይነጥቋታል። ሌላ ምን ታውቃለች? ከአሥራ ስምንት ዓመቷ ጀምሮ ያቺን አዳራሽ ነው የምታውቀው። አንቺ ነሽ እጇን ይዘሽ ያስገባሻት።

ንድፉ ጥፋተኛ ከተባለ ግን እኔ ምን እሆናለሁ? ጡረተኛ ነኝ። ስሜን ይሰድባሉ፤ ስሜን አንቺ ስትሰድቢው ኖረሻል፣ ለምዶታል።

ስለዚህ የምጠይቅሽ ከባድ ነገር አይደለም። ዕድሜ ልክሽን ያልሽውን አንድ ጊዜ ድገሚው። «ማጣሪያው ውስጥ ያለው ጎባጣ ብረት የሱ ቅዠት ነው፤ ቀጥ ያለው ይሻላል» በይ። የኮሚቴው ሰዎች ቃልሽን እንደ ሕግ ነው የሚቀበሉት። ልጅቷም ትተርፋለች። ውሸት አልጠየቅሁሽም፤ የምታምኚውን ተናገሪ ነው ያልኩሽ። እኔም ተጠርቼ ስሄድ ጥፋተኛ ነኝ እላለሁ።

ልጃችን ሚጣ ይህን እንደጻፍኩልሽ አታውቅም። እንዳትነግሪያት።

ያው እኔ ነኝ።


ጥቅምት 20 ቀን

ለልጄ አባት፣

ሐሳብዎን ተቀብያለሁ። ስለ ልጅቷ ብዬ ነው ብለው እንዳይጽናኑ፤ እውነት ስለሆነ ነው። ሁለት ጎባጣ ብረቶች ሲተያዩ፣ ሆዳቸው በሚቀራረብበት ቦታ ክፍተቱ ይጠብባል፤ በጠበበበት ቦታ የኤሌክትሪክ ግፊቱ ይበረታል። ይህን ያልኩዎ ገና ልጅቷ ሳትወለድ ነው። እርስዎ በዚያን ጊዜ ሳቁብኝ። እነሆ ሳተላይቷ አልሳቀችም።

ሰብሳቢው የሕግ ሰው ነው፤ ፊዚክስ ቢነግሩት ዓይኑ ይቦዝዛል አሉ። ስለዚህ ሪፖርቴን ከሥሩ ጀምሬለታለሁ። ንድፍዎ የሚወቀስበትን መንገድ አስቀድመው ይወቁት፦

«በማጣሪያው ውስጥ ብር የተለበጡ ሁለት ብረቶች ፊት ለፊት ይተያያሉ። በመካከላቸው ከጥፍር የማይወፍር ክፍተት አለ። እዚያ አየር የለም። የማሰራጫው ማይክሮዌቭ ሞገድ ሲያልፍ በክፍተቱ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ግፊት በአንድ ሰከንድ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ጊዜ አቅጣጫውን ይለዋውጣል። አንዲት ኤሌክትሮን ከአንዱ ብረት ብትለይ ግፊቱ ወደ ማዶ ይወረውራታል፤ ስትጋጭ ሁለት ታስነሣለች። በዚያው ቅጽበት ግፊቱ ፊቱን ካዞረ፣ ሁለቱ ተመልሰው አራት ያስነሣሉ፤ አራቱ ስምንት። የኤሌክትሮን ናዳ የምንለው ይህ ነው። ከአንዲት ጠጠር ይጀምራል፤ ብረቱን አቃጥሎ ይቆማል።»

ከዚህ ቀጥሎ ጎባጣው ቅርጽ ናዳውን እንዴት እንደሚያፋጥን በስሌት አሳያለሁ። በቃል ብቻ ልወቅስዎ እችል ነበር፤ ግን የርስዎን ስህተት ያለ ማስረጃ ማስቀመጥ ጣዕም የለውም። ከጠረጴዛው ላይ የአበባውን ማሰሮ አንሥቼ ወረቀት ዘርግቻለሁ። ከበታቼ ያለው ልብስ ሰፊ መኪናውን ከጠዋት ጀምሮ ያንጣጣዋል፤ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ሆኖም መስመሬ አልተጣመመም።

ጥሩ አድርጌ እቀብርዎታለሁ።

ከአክብሮት ጋር።


ኅዳር 12 ቀን

ለልጄ አባት፣

«ምነው ዘገየሽ? እኔን ለመስደብ ይህን ያህል ጊዜ ፈጅቶብሽ አያውቅም» ብለው መጻፍዎን አይቻለሁ። ሁለተኛውንም ደብዳቤ አይቻለሁ። ሦስተኛውን ገና አልከፈትኩትም፤ ፖስታው ላይ ያለው ጽሕፈት የቁጡ ሰው ነው።

የዘገየሁበትን ምክንያት በአጭሩ ልንገርዎ። ስሌቱ አልወጣልኝም።

ኤሌክትሮኖቹን ቀጥ ባሉ ብረቶች መካከል ሳስኬዳቸው፣ እንደሚጠበቀው፣ ወደ ማዶ ሄደው በዚያው መስመር ይመለሳሉ። በጎባጣዎቹ መካከል ግን ብረቱ ዘንበል ያለ ስለሆነ በተጋጩ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ወደ ጎን ይወረወራሉ። ጥቂት ጊዜ ከተመላለሱ በኋላ ክፍተቱ ወደሚሰፋበት ዳር ይደርሳሉ። እዚያ መንገዱ ይረዝምባቸዋል፤ ግፊቱ ፊቱን ከማዞሩ በፊት ማዶ አይደርሱም። ይበተናሉ። ናዳው ሳይነሣ ይቀራል። በጠባቡ ቦታ ግፊቱ ይበረታል ያልኩት እውነት ነው፤ ብርታቱ ግን ከብተናው ጋር አይመጣጠንም። ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምሬ ሠራሁት። ሦስተኛውን እርስዎን ለመጥላት በሚያመች ግምት ሁሉ ነው የሠራሁት። በዚያም ቢሆን የርስዎ ጎባጣ ከቀጥታው በግማሽ የበለጠ ኃይል ይሸከማል።

ንድፍዎ ትክክል ነው።

ይህን ዓረፍተ ነገር እንደገና አልጽፈውም፤ ስለዚህ ወረቀቱን አይጣሉት። እኔ ቀድሞ ያልኩትም ስህተት አልነበረም፤ ያላለቀ ስሌት ነበር።

አሁን የሚከተለውን ራስዎ ያውቁታል። ንጹሕ ሆኖ የተሠራ ጎባጣ በዚያ ኃይል ሊቃጠል አይችልም። ስለዚህ የተቃጠለው ንጹሕ አልነበረም፤ ሲወለወል የማለስለሻ ቅባት ፊቱ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የቆሸሸ ብረት ሲመቱት ኤሌክትሮን ይረጫል። ፍተሻ የተፈጠረው ደግሞ እንዲህ ያለውን ቆሻሻ ብረት ለመያዝ ነው። አልያዘውም። ለምን?

ለልጅቷ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፍኩላት፤ «ሲፈተሽ ዘሪው የት ነበር?» አልኳት። ሥራ ከለቀቁ ስለቆዩ ላስታውስዎ፤ ዘሪው የምንለው አልትራቫዮሌት መብራቱን ነው። ሰማይ ላይ የናዳው የመጀመሪያዋ ጠጠር ሞልታ ተርፋለች። አየር በሌለው በፍተሻው ታንክ ውስጥ ግን ያቺን ጠጠር የሚዘራው፣ ከውጭ ቆሞ በታንኩ መስኮት የሚያበራው መብራቱ ነው። ብርሃኑ ክፍተቱ ውስጥ ካልገባ፣ ናዳ የሚነሣበት ብረት እንኳ ታንኩ ውስጥ ጨዋ ሆኖ ይውላል።

መልሷ በአንድ መስመር መጣ፤ «ሁልጊዜ በሚቆምበት፣ ቀዩ ምልክት ላይ።»

ቀዩ ምልክት ወለሉ ላይ የተቀባው ቀጥታ ብረቶች በሚፈተሹበት ዘመን ነው። የቀጥታ ብረት ክፍተት ከዚያ ወለል ላይ ይታያል። ጎባጣ ብረት ግን ከዚያ ቦታ ሲበራበት ሆዱ ጥላ ይጥላል። መብራቱ የብረቱን ጀርባ ሲያሞቅ ውሏል፤ ክፍተቱ ጨለማ ነበር። ልጅዎ የሞከረችው ምንም ነገር አልነበረም።

ከአክብሮት ጋር።


ኅዳር 17 ቀን

አንቺ ሴት፣

ሰላምታ የለኝም።

ትክክል ነህ እንድትይኝ ስንት ዓመት ጠበቅሁ። እራት ላይ ጠበቅሁ፤ ስብሰባ ላይ ጠበቅሁ፤ ዕቃሽን ጭነሽ በሄድሽበት ቀን እንኳ ከመኪናው መስኮት አንገትሽን አውጥተሽ ትያለሽ ብዬ ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ ንፉግ ሆነሽ፣ አሁን፣ ስህተተኛ እንድትይኝ ለምኜሽ ሳለ፣ ትክክል ነህ ትይኛለሽ። በልጄ አንገት ላይ ቆመሽ!

ማነው ስሌቱን እንደገና ሥሪ ያለሽ? አንድ መስመር ነበር የጠየቅሁሽ። «ጎባጣው አይሆንም» ብለሽ መፈረም። ማን ይመረምርሻል? ማንም። ሰው ጠላቱን ለመስደብ ስሌት ይሠራል እንዴ?

ስለ ቀዩ ምልክት ደግሞ ልንገርሽ። አዳራሹ ውስጥ ማንም ከዚያ ምልክት መብራቱን ሊያንቀሳቅስ አይደፍርም። ለምን ይመስልሻል? ሚጣ አራት ዓመቷ ሳለ ጫማዋን ከአልጋው ሥር ካለው መስመር አሳልፋ ስታኖር ምን ትያት እንደነበር አስታውሺ። ማንኪያ ያለቦታው፣ እርሳስ ያለቦታው፣ «ማን ነው ያነሣው?» ስትይ ነበር። ባንቺ እጅ ያደገ ልጅ ምልክት ላይ አቁሙ ሲሉት ምልክት ላይ ያቆማል። አልጠየቀችም፤ መጠየቅን አንቺ አላስተማርሻትም።

እሺ፣ ተሸነፍኩ። አሁን ስድቤን ተዪውና ስሚኝ። ሪፖርቱ ገና ከእጅሽ አልወጣም። የመጨረሻውን ገጽ አትላኪው። «ምክንያቱን ለይቼ ለማወቅ አልቻልኩም» በይ። አሮጊት ነሽ፤ ቢያቅትሽ ማንም አይፈርድብሽም። የሚሞት ሰው የለም። አንዲት ሳተላይት ናት፤ ሄዳለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አሁን መጮህሽ ለማን ይጠቅማል?

ለሷም ምንም አትጻፊላት። ስለ መብራቱ ለምን እንደጠየቅሻት አልገባትም። «እማዬ ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ» ብላ ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ። ደስ ብሏት! ይህን አንብቢውና እንደ ሰው እደሪ።


ኅዳር 24 ቀን

ለልጄ አባት፣

«ማነው ስሌቱን እንደገና ሥሪ ያለሽ?» ላሉት፣ ማንም። ሰው ከሚወደው ይልቅ የሚጠላውን ሲመዝን ሚዛኑን አጥርቶ መያዝ አለበት። አስተማሪዎቼ በዱላ ያስገቡብኝ ነገር ነው፤ አልወጣልኝም።

«አቃተኝ በይ» ላሉት፣ አላቃተኝም።

«የሚሞት ሰው የለም» ላሉት፣ ልክ ነው፤ ለዚህኛው የለም። ነገር ግን እኔ ንድፉ ጥፋተኛ ነው ብዬ ብፈርም፣ መብራቱ በቀዩ ምልክት ላይ እንደቆመ ይቀራል። ከዚህ በኋላ ሆድ ያለው ብረት ሁሉ በጨለማ ተፈትሾ «አልፏል» ይባላል፤ ከሥሩ የልጅቷ ፊርማ ይኖራል። አንድ ጊዜ የተሳሳተች ፈታሽ ናት። ዕድሜ ልኳን ስትሳሳት የምትኖር ላደርጋት ነው የሚለምኑኝ። ሰዎቹም ጥፋቱን እርስዎ ዘንድ ሲፈልጉት ይኖራሉ፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

ስለ አስተዳደጓ የጻፉት፣ እስከ ዛሬ ከጻፉልኝ ሁሉ እውነት የሆነው አንዱ ነው። ኮሚቴው ግን ስለ ልጅ አስተዳደግ አልጠየቀኝም። የፍተሻው ደንብ «መብራቱ ክፍተቱን ያብራ» ይላል፤ ምልክት ላይ ይቁም አይልም። ኃላፊ የሆነ ሰው ደንቡን ያነብባል።

አሁን የማይወዱትን ልንገርዎ፤ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ይሻላል። ለልጅቷ ጽፌላታለሁ። ሙሉውን ስሌት፣ የጥላውን ሥዕል፣ የሪፖርቴን የመጨረሻ ገጽ ልኬላታለሁ። ለኮሚቴው የምልከው ከሷ በኋላ እንደሆነም ነግሬያታለሁ። አዳራሹ ገብታ፣ ታንኩን ከፍታ፣ መብራቱን አብርታ በገዛ ዓይኗ ትየው። ካየች በኋላ ቀድማ ራሷ ብትናገር ትችላለች፤ ዝም ብትልም ትችላለች፤ ያኔ እኔ እናገራለሁ። ይህን ዕድል ለሌላ ፈታሽ አልሰጠውም ነበር። ካደላሁ ያደላሁት በዚህ ነው፤ ለሰብሳቢውም ጽፌለታለሁ።

ደስ ብሏት እንደነበር ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። አንብቤዋለሁ። እንደ ሰው አላደርኩም።

ከአክብሮት ጋር።


ታኅሣሥ 9 ቀን

ለማይክሮሜትር፣

ወሬውን እንደምትፈልጊ አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ ጽፈሽ «የኮሚቴው ውሳኔ ምን ሆነ?» ብለሻል። ሆን ብዬ ነው ያቆየሁብሽ። ጥቂት ብትቁነጠነጪ ብዬ።

ያንቺ ፖስታ የደረሳት ዕለት ከቤት ስትወጣ በመስኮቴ አየኋት፤ በአስፋልቱ መካከል ስትሄድ የመኪና ጥሩምባ አልሰማችም። አዳራሹ ውስጥ ያደረገችውን አልጠየቅኋትም፤ አልነገረችኝም። ማታ መጥታ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። «አባዬ፣ አንተ ታውቅ ነበር?» አለችኝ። አውቅ ነበር አልኳት። «የሷን እኮ እችለዋለሁ» አለችኝ። ተነሥታ ሄደች። እንግዲህ በዚህ ቤት የተጠላሁት እኔ ሆንኩልሽ፤ ይድላሽ።

በማግሥቱ ሰብሳቢው ፊት ቆማ ራሷ ተናገረች። እኔ ተጠርቼ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው ልል አፌን ስከፍት፣ «የተከበሩ አባቴ ተሳስተዋል፤ ንድፉ ትክክል ነው» አለች። የተከበሩ አባቴ! ድምፅዋ ቁርጥ ያንቺ። ሰብሳቢው አንገቱን ደፋ።

ከኃላፊነት ተነሥታለች። የሷን ወንበር የያዘው ራሷ ያሠለጠነችው ልጅ ነው፤ አዳራሹን ሲያቋርጥ እንደ ድመት ነው የሚሄደው፣ እሷን ላለማየት። ፈቃዷን ግን አልነጠቋትም። ለምን እንዳልነጠቋት ሲነበብ ሰምቻለሁ። «መብራት ያታለለው ፈታሽ ሁለተኛ መብራት አያምንም፤ አዳራሹ ውስጥ ትቆይ፤ ኃላፊነት ግን አይገባትም» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። ማን እንደጻፈው ስሙን አላነበቡም። ማንበብም አላስፈለገም፤ በአንድ እጅ ይዞ በሌላው የሚመታ ሰው እኔ የማውቀው አንድ ነው።

ሰኞ ሥራ ገባች። ቀዩን ምልክት ፍቃ አጥፍታዋለች፤ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ በገዛ እጇ።

አላመሰግንሽም። ይቅርታም አላደርግልሽም፤ ስላልጠየቅሽኝ ሳይሆን ብትጠይቂም። ልጅቷ ለአንቺ አንድ ቃል ንገራት ብላኛለች። ቃሉን ግን አልጽፈውም። ሲጻፍ ይከፋል።

ያው እኔ ነኝ።


ታኅሣሥ 16 ቀን

ለልጄ አባት፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለ ውሳኔው በዝርዝር ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ስላቆዩብኝ አላመሰግንዎትም። ተቁነጥንጫለሁ፤ የፈለጉት ይህ ከነበረ ተሳክቶልዎታል።

ዓረፍተ ነገሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፈቃዷን እንዲተዉላት ለመለመን አልነበረም፤ ያሰብኩትን ነው የጻፍኩት። ኃላፊነት አይገባትም ያልኩትንም ያሰብኩት ነው። ሁለቱንም ዛሬ ብጠየቅ እደግመዋለሁ።

ወለሉን በምን እንደፋቀችው አልነገሩኝም። በምላጭ ከሆነ ሲሚንቶው ይቦረቦራል፤ የተቦረቦረ ወለል አቧራ ይይዛል፤ አቧራ ደግሞ ታንክ ውስጥ ይገባል። በቀለም ማስለቀቂያና በጨርቅ መሆን ነበረበት። ይህን አይንገሯት። ወይም ይንገሯት፤ እኔ እንዳልኩ ግን አይበሉ።

«የሷን እኮ እችለዋለሁ» ያለችውን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ምን ለማለት እንደሆነ ከርስዎ መጠየቅ አልፈልግም።

የላከችውን ቃል እንዳይጽፉት፤ ይህን በትክክል አስበዋል። የሰው ቃል በሰው እጅ ሲያልፍ ይቆሽሻል። ራሷ ትምጣና በአፏ ትንገረኝ። አውቶቡሱ ከቤቴ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ልብስ ሰፊውን ብትጠይቀው ደረጃውን ያሳያታል። ጠዋት ጠዋት ቤት ነኝ። ከሰዓት በኋላም ቤት ነኝ።

ስድብ ከሆነ ደግሞ ቆማ እንዳትሰድበኝ ይንገሯት። ሁለተኛ ወንበር ገዝቻለሁ።

ከአክብሮት ጋር።